መልስ፦ ኦቲዝም ያለበት ልጅ የሰው ስሜት አይገባውም?

እህቴ፣ «ልጄ የሰው ስሜት አይገባውም ተባልኩ፤ በጥናት የተረጋገጠ ነው ወይ?» ላልሽው፣ አባባሉ በአብዛኛው የቆየ ጥናት ውጤት ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ኦቲዝም ላለባቸው 20 ልጆች በአሻንጉሊት ታሪክ አሳዩአቸው። ሳሊ ብይዋን ቅርጫት ውስጥ ትታ ስትወጣ አን ወደ ሳጥን ታዛውረዋለች። ሳሊ ስትመለስ የት ትፈልገዋለች? 16ቱ ሳሊ መዛወሩን እንዳላየች ሳያስቡ ሳጥኑን ጠቁመው ተሳሳቱ። በዚህ ምክንያት «የሰው ሐሳብ አይገባቸውም» የሚል ስም ተለጠፈባቸው። 4ቱ በትክክል መመለሳቸውን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው።

ራሱ ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዴሚያን ሚልተን በ2012 ነገሩን ገለበጠው። አለመግባባት የሁለት ወገን ነው አለ፤ እኛስ እነሱን መቼ ተረዳናቸው? በ2020 የወጣ የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ (ስኮትላንድ) ጥናት ይህን ፈተነ፦ ስምንት ስምንት ሰው ተራ በተራ አንድ ታሪክ ይቀባበላል (ልጆች ሆነን በጆሮ እያንሾካሾክን እንደምንጫወተው)። ኦቲዝም ያለባቸው ብቻቸውን ሲሆኑ ኦቲዝም ከሌለባቸው እኩል አስተላለፉ፤ ታሪኩ ይበልጥ የተንጠባጠበው ሁለቱ በተቀላቀሉበት ቡድን ላይ ነበር። በ2025 በ311 ሰዎች ሲደገም የቅልቅሉ ድክመት አልታየም፤ ኦቲዝም ያለባቸው ግን አሁንም ከማንም አላነሱም።

እኔን የሚያናድደኝ ያ ሁሉ ዓመት ጉድለት ፍለጋ መሄዱ ነው። «ሳለቅስ ነጠላዬን ያመጣልኛል» ያልሽውን ለሐኪሙም ንገሪው፤ እሱም መረጃ ነው።