65 ዶላሬ የት ገባ? የዲስክ ጎልፍ መመዝገቢያ ክፍያና የተጫዋቹ ድርሻ

በዚህ እትም የምናስተናግዳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከአሜሪካ የደረሱን ሲሆኑ፣ ሦስቱም የሚጠይቁት ለዲስክ ጎልፍ ውድድር ስለሚከፈለው ገንዘብ ነው። ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች፦ ዲስክ ጎልፍ የጎልፍን አካሄድ የተከተለ ጨዋታ ሆኖ፣ በዱላና በኳስ ፈንታ ተጫዋቹ ዲስክ በእጁ እየወረወረ፣ ሰንሰለት በተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ በተቻለ መጠን በጥቂት ውርወራ ለማሳረፍ የሚሞክርበት ነው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ነኝ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ዲስክ ጎልፍ መጫወት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የምንጫወትበት ሜዳ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ስለሆነ አንድም ቀን ከፍዬ አላውቅም። ባለፈው ወር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድር ገባሁና 65 ዶላር ከፈልኩ። ጠዋት ስደርስ አንድ ዲስክ፣ አንድ ካናቴራና አንድ አነስተኛ ፎጣ በከረጢት ሰጡኝ። ሁለት ዙር ተጫውቼ በምድቤ ከነበርነው 20 ሰዎች 12ኛ ወጣሁ። እስከ 9ኛ የወጡት ሲሸለሙ እኔ ባዶ እጄን ተመለስኩ። አንደኛ የወጣው ሰው እንኳ የተሰጠው ገንዘብ ሳይሆን፣ አዘጋጁ ጠረጴዛ ላይ ከደረደረው ዕቃ የሚመርጥበት ኩፖን ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ባሰላው ባሰላው ሂሳቡ አልገጥም አለኝ። ገንዘባችን የት ይገባል? ተጫዋችስ ለከፈለው ምን ቢጠብቅ ተገቢ ነው?

መልስ፦ ሂሳቡ አልገጥም ያለዎት በአንድ ክፍያ ስም ሦስት የተለያዩ ነገሮች ስለተጠየቁ ነው፤ እነርሱም የዕለቱ ወጪ፣ በከረጢት የተሰጠዎት ዕቃና የአሸናፊዎቹ ሽልማት ናቸው። በቁጥር ላስረዳዎት፤ አኃዙ ለማስረጃ ያህል የወሰድኩት እንጂ እርስዎ የተካፈሉበት ውድድር ሂሳብ አይደለም። አብዛኛው የውድድር ሜዳ 18 ቅርጫት አለው። ተጫዋቾች አራት አራት ሆነው በየቅርጫቱ መነሻ ይመደቡና ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚጀምሩ፣ ሜዳው በአንድ ዙር የሚይዘው 72 ሰው ነው። 72 ሰው 65 ዶላር ሲከፍል 4,680 ዶላር ይሰበሰባል። ከዚህ ውስጥ ውድድሩን ዕውቅና ለሚሰጠው የዲስክ ጎልፍ ማኅበር፣ ለምዝገባው ድረ ገጽና ለካርድ ክፍያ፣ ለመናፈሻው ፈቃድ፣ ለተንቀሳቃሽ ሽንት ቤትና ለውሃ በነፍስ ወከፍ 12 ዶላር ወጣ እንበል፤ 864 ዶላር ሄደና 3,816 ቀረ። የከረጢቱ ዕቃ በመደብር ዋጋ ለአንድ ሰው 30 ዶላር ከተቆጠረ ደግሞ 2,160 ዶላር ይወስዳል። ለሽልማት የሚተርፈው 1,656 ዶላር፣ ማለትም በሰው 23 ዶላር ብቻ ነው። 20 ሰው የነበረበት ምድብዎ ድርሻ 460 ዶላር ሲሆን፣ እርሱንም ዘጠኝ ሰዎች እንደየደረጃቸው ይከፋፈሉታል። ስለዚህ እርስዎ 65 ዶላር ለሽልማት ያዋጡ ቢመስልዎትም፣ በዚህ ስሌት ወደ ሽልማቱ የሄደው ከግማሹ በእጅጉ ያነሰ ነው።

«በመደብር ዋጋ» ያልኩትን ልብ ይበሉልኝ፤ የጭቅጭቁ ሁሉ ሥር ያለው እዚያ ነው። አዘጋጁ ዲስኩን የሚገዛው በጅምላ ዋጋ ሲሆን ለተጫዋቹ የሚቆጥርለት ግን በችርቻሮ ዋጋ ነው። ፒዲጂኤ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የፕሮፌሽናል ዲስክ ጎልፍ ማኅበር ይህን አሠራር የሚያውቀውና የሚፈቅደው ነው። ማኅበሩ ዕውቅና የሚሰጣቸው ውድድሮች ሲ፣ ቢ፣ ኤ እየተባሉ በደረጃ የተከፋፈሉ ናቸው፤ አዘጋጁም ከተጣራው ገቢ ምን ያህሉን ለተጫዋቾች መመለስ እንዳለበት እንደየደረጃው ተወስኗል። በአማተር ምድብ፣ ማለትም ጨዋታው ሙያቸው ባልሆነ ተጫዋቾች ምድብ፣ የሚመለሰው በዕቃ ከሆነ ስሌቱ በችርቻሮ ዋጋ ይሠራል፤ የከረጢቱም ዕቃ አብሮ ይቆጠራል። በጅምላና በችርቻሮ መካከል ያለው ልዩነት ከአዘጋጁ ወይም ከክለቡ ጋር ይቀራል ማለት ነው።

ይህን የሰሙ ብዙ ተጫዋቾች «ተበላን» ይላሉ። እኔ አልልም፤ ምክንያቴንም ልንገርዎት። አንድ ወዳጄ የሚያዘጋጀውን አነስተኛ ውድድር ለማገዝ አንድ ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ አብሬው ሄድኩ። በእጅ ባትሪ ብርሃን የሜዳውን ወሰን በቀለም ስናሰምር ጫማችን በጤዛ ራሰ። ሲነጋ ከመኪናው ጀርባ 72 ከረጢት ደረደርን። አንዱ ካናቴራው ጠበበኝ ይላል፣ ሌላው ቢጫ ዲስክ አልፈልግም ቀይሩልኝ ይላል፣ ሦስተኛው ስሜ ከዝርዝሩ ጠፋ ብሎ ይቆጣል። ወዳጄ ራሱ አንድም ዲስክ ሳይወረውር መሸ። ማታ ማስታወሻ ደብተሩን ገልጦ ሲደምር ሲቀንስ በእጁ የቀረው ማንም ያልመረጣቸው ሁለት ካርቶን ዲስኮችና የተሰበረ ቅርጫት ለማስጠገን የምትበቃ ገንዘብ ነበረች። በዚያው መናፈሻ ዓመቱን ሙሉ በነጻ የምንጫወት ሰዎች ቅርጫቱን ማን እንደሚጠግነው፣ የወደቀውን ዛፍ ማን እንደሚያነሣው ብዙም አናስብም። ልዩነቱ ለዚህ ከዋለ ቅር አይለኝም። የሚከፋኝ ነገሩ ሲደበቅ ነው።

የሽልማት ጉጉቱ ከየት እንደመጣም ማወቅ ይጠቅማል። በ1974 በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሮቸስተር ከተማ በተካሄደ ውድድር አዘጋጆቹ ለሽልማት ያቀረቡት አዲስ ዳትሰን መኪና ነበር። በሰንሰለት የሚሠራውን ቅርጫት የፈለሰፈውና ማኅበሩን በ1976 ያቋቋመው ኤድ ሄድሪክ ደግሞ በ1979 በካሊፎርኒያ፣ ሀንቲንግተን ቢች 50,000 ዶላር ሽልማት ያለው ውድድር አዘጋጅቷል። እነዚያ ሽልማቶች ተወዳዳሪዎች ከኪሳቸው ካዋጡት በላይ ነበሩ። በሰፈር ውድድር ግን ከውጭ የሚገባው ትንሽ ነው፤ የአካባቢ ፒዛ ቤት የሚሰጠው ኩፖን ወይም አንድ የዲስክ ሻጭ የሚለግሰው ጥቂት ዕቃ ቢኖር ነው። ጉጉቱ የመኪናው ዘመን ሆኖ ቀረ፤ ገንዘቡ ግን የራሳችሁ ነው።

በእኛ ቋንቋ ለማስረዳት እቁብ ቢሉት ይቀርባል፤ ሁላችሁም ትጥላላችሁ፣ የተወሰኑት ያነሣሉ። ልዩነቱ በእቁብ ተራው ለሁሉም ሲደርስ፣ እዚህ ዕጣውን የሚያወጣው ክንድ በመሆኑ ዓመት ሙሉ ጥሎ አንድም ጊዜ የማያነሣ ሰው መኖሩ ነው። እንዲያውም ሽልማቱ በወፈረ ቁጥር ዕጣ የሚያበላሽ ሰው ይበዛል። ማኅበሩ ለአባላቱ እንደ ችሎታቸው የሚሰጠው የነጥብ መለኪያ አለ፤ በጣም ጎበዝ የሚባለው ተጫዋች 1,000 አካባቢ ሲሆን፣ ሪክሪኤሽናል የሚባለው የአማተር ምድብ ከ900 በታች ላላቸው ነው። ወደ ላይኛው ምድብ መውጣት የሚችል ሰው ኩፖኑን በመውደድ ብቻ ታች ሲከርም፣ እንደ እርስዎ ያለው ጀማሪ የእርሱ ቀላቢ ይሆናል። በእኔ እምነት ለአማተሮች ሽልማቱ ቀንሶ መመዝገቢያውም አብሮ ቢቀንስ ይሻላል። አንዳንድ አዘጋጆች ከረጢትም ኩፖንም የሌለበት፣ ለዋንጫ ብቻ የሚያወዳድር ርካሽ ምዝገባ ይፈቅዳሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ይህ አማራጭ መኖሩን ይጠይቁ።

አሸናፊው ለምን ጥሬ ገንዘብ እንዳልተሰጠው ለጠየቁት፦ በአማተር ምድብ ሽልማቱ በዕቃ ወይም በኩፖን ነው። ገንዘብ የሚከፈለው በፕሮፌሽናሉ ምድብ ሲሆን፣ እዚያ ገብቶ ገንዘብ የተቀበለ አማተር ከዚያ በኋላ እንደ ፕሮፌሽናል ይቆጠራል። በነገራችን ላይ የታላላቆቹም እንጀራ ከመመዝገቢያ አይጋገርም። ፖል ማክቤዝ በ2021 ለአሥር ዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር የተፈራረመው ዲስክራፍት ከተባለው የዲስክ አምራች ጋር ነው።

ታዲያ ለ65 ዶላር ምን ይጠብቁ? በተባለው ሰዓት መጀመርን፣ ወሰኑ በግልጽ የተሰመረና ካርታ ያለው ሜዳን፣ ሽንት ቤትና ውሃን፣ ውጤቱ ሳይውል ሳያድር መለጠፉን በመብትዎ ይጠብቁ። ከሁሉ በላይ ግን ከመክፈልዎ በፊት በምዝገባው ገጽ ላይ የክፍያው ዝርዝር ሊቀመጥ ይገባል፤ ስንት ለወጪ፣ ስንት ለከረጢት፣ ስንት ለሽልማት፣ በስተመጨረሻም ስንት ለክለቡ። ዝርዝሩ ከሌለ ለአዘጋጁ በጨዋ ቃል ይጻፉለት። «ሂሳቡን ብታሳየን ደስ ይለናል» ተብሎ የተጠየቀ ቅን አዘጋጅ ደብተሩን ለማሳየት አያፍርም። መልስ ከነፈግዎ ገንዘብዎን ይዘው ሌላ ውድድር ይፈልጉ፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ውድድር አይጠፋም።

ጥያቄ፦ በሚኔሶታ የምኖር እናት ነኝ። የ13 ዓመት ልጄን ለውድድር አስመዝግቤ 40 ዶላር ከከፈልኩ በኋላ፣ ሊወዳደር ሁለት ቀን ሲቀረው ትኩሳት ያዘው። ገንዘቤ እንዲመለስ ብጠይቅ «ጊዜው አልፏል» ተባልኩ። የታመመ ልጅ እያለ እንዲህ ማለት አግባብ ነው?

መልስ፦ እናት ሆይ፣ ልጅዎን እግዚአብሔር ይማርልዎት። ቃሉ ቢሻክርም አዘጋጁ ከአሠራር የወጣ አይመስለኝም። የተመላሽ ገንዘብ ደንብ ቀደም ብሎ የሰረዘንና በመጨረሻ ሰዓት የሰረዘን ለይቶ ነው የሚያየው፤ ሁለት ቀን ሲቀረው ካናቴራው ታትሟል፣ ዲስኩ ተገዝቷል፣ የምድቡም ድልድል ወጥቷል።

ሆኖም ሁለት ነገር መጠየቅ ይችላሉ። አንደኛው የተጠባባቂ ዝርዝር መኖር አለመኖሩ ነው፤ የልጅዎን ቦታ ሌላ ልጅ ከያዘው አዘጋጁ ከአንድ ቦታ ሁለት ክፍያ ሰብስቧልና፣ ጥቂት የአገልግሎት ዋጋ ቀንሶ ቀሪውን ሊመልስልዎት ይገባል። ሁለተኛው ከረጢቱ ነው። ቦታው ባዶ ከቀረ ለልጅዎ የተዘጋጀው ዲስክና ካናቴራ ተከፍሎበታልና እንዲሰጥዎት ይጠይቁ፤ ብዙ አዘጋጆች ይህን ሲጠየቁ በደስታ ይሰጣሉ፣ ካልተጠየቁ ግን አያስታውሱትም። ለወደፊቱ ደግሞ ለታዳጊዎች በዕድሜ የተከፋፈሉ ምድቦች ስላሉና ክፍያቸውም አብዛኛውን ጊዜ ከአዋቂዎቹ ስለሚያንስ፣ ልጅዎ የተመዘገበው በትክክለኛው ምድብ መሆኑን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ውድድር ሊጀመር ሲል ከመመዝገቢያው ሌላ «ለኤስ ፑል» ተብሎ 5 ዶላር ይሰበሰባል። ቁማር ነው ብዬ ሳልከፍል ቀረሁ። ተሳሳትኩ ይሆን? ከዳላስ።

መልስ፦ አልተሳሳቱም፤ መዋጮው በፈቃደኝነት ስለሆነ ባለመክፈልዎ ከውድድሩ የሚጎድልብዎት ነገር የለም። «ኤስ» የሚባለው ከመነሻው በአንድ ውርወራ ቅርጫት ውስጥ ማስገባት ነው፤ ከፍሎ ይህን ያደረገ ሰው የተሰበሰበውን ይወስዳል። ከመመዝገቢያው የተለየ መዋጮ በመሆኑ አማተር ቢወስደው አማተርነቱ አይነካም። ቁማር ነው አይደለም የሚለውን ለሕሊናዎ እተወዋለሁ። መክፈል ካማረዎት ግን አምስቷን ዶላር ከማውጣትዎ በፊት ማንም ኤስ ካልመታ ገንዘቡ ምን እንደሚሆን ይጠይቁ። በአንዳንድ ቦታ ለሚቀጥለው ውድድር ይሻገራል፤ በሌላው ደግሞ ከፋዮቹ ሁሉ ማታ በአንድ ቅርጫት ፊት ተሰልፈው አንድ አንድ ጊዜ ይወረውሩና ለቅርጫቱ የቀረበው ይወስደዋል። ቀድመው ወደ ቤት የሚሄዱ ከሆነ ሁለተኛው አሠራር አይጠቅምዎትም።