መልስ፦ ስማርት አምፖልና ካሜራ ያዋጣል ወይ?

እህቴ፣ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ስማርት (በስልክ የሚታዘዝ) አምፖልና ካሜራ ያዋጣል ወይ ላልሽው፣ ያዋጣል። ግን ከአምፖሉ ይልቅ ማብሪያ ማጥፊያውን በስማርት ቀይሪ። ስማርት አምፖል የሚሠራው ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያ ሁሌም በርቶ ሲቆይ ነው። እናትሽ እንደ ልማዳቸው ቀጭ ካደረጉት ስልክሽ አያገኘውም። ብዙዎቹ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ ሌሊት 9 ሰዓትም ቢሆን፣ ቦግ ብለው ይበራሉ። ይህን መተግበሪያው ውስጥ አስተካክይ። ዋይፋይሽ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው የሞገድ ዓይነት ይኑረው፤ አብዛኞቹ ስማርት ዕቃዎች በ5 ጊጋኸርዝ አይሠሩም።

ካሜራው በር ላይ ይብቃ። ሳሎን የግድ ከሆነ ግን ለቤት ሠራተኛዋ ቀድመሽ ንገሪያት። ቀኑን ሙሉ እየታየች የምትሠራ ልጅ ትሳቀቃለች፤ ይሄ በጣም ያሳስበኛል። የት እንደተተከለና ምስሉን ማን እንደሚያይ በግልጽ አሳያት።