ሲ ስንት ላይ ተቆረጠ?

ውድ ተማሪዎች፣

የጎረቤቴ ልጅ የሁለተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ናት። ቅዳሜ ከግቢ ስትመጣ እኛም ቤት ጎራ አለችና ቡና እየተፈላ ሳለ፣ «ጋሼ፣ ሚዱን፣ የአጋማሹን ፈተና፣ አበላሽቼዋለሁ። ፋይናሉ ደግሞ 50 ይይዛል። ዊዝድሮው፣ የማቋረጫ ፎርሙን፣ ሞልቼ ልውጣ እንዴ?» አለችኝ። ስንት እንዳመጣች ጠየቅኋት፤ ከ30፣ 10። ሌሎቹ ተማሪዎችስ ስንት አመጡ? አላየችም። ኩዊዙና አሳይመንቱ ሲጨመር እስካሁን ስንት ያዝሽ? አልደመረችውም። ወረቀት አምጥተን ደመርን፣ እሷም ቀለል ብሏት ሄደች። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በ1980ዎቹ ተማሪ ሳለሁ ዶርም የምጋራው አንድ ልጅ ነበር። ስሙን አልጠራም። ከአርሲ ገጠር ነው የመጣው፤ ከትምህርት ቤቱ በዚያ ዓመት ዩኒቨርሲቲ የገባው እሱ ብቻ ነበር። ፊዚክስ ሲያስረዳ ማየት ነበረባችሁ። ከካፌ ይዘን የወጣነውን ዳቦ አልጋው ጠርዝ ላይ ያስቀምጥና የስበት ማዕከል የሚባለው ምን እንደሆነ ዳቦው ሊወድቅ ሲል ያሳየን ነበር። ካልኩሌተር ስላልነበረው ከዶርማችን ልጆች አንዱ ያውሰው ነበር፤ ሌሊት ሌሊት እየተዋሰ፣ ባለቤቱ ጠዋት ሲነሳ ትራሱ ሥር ያገኘዋል።

ስታቲክስ በሚባለው የምህንድስና ኮርስ ላይ ሚዱ 30፣ ኩዊዝ 10፣ ፋይናሉ 60 ነበር የሚይዘው። የሚዱ ውጤት በመታወቂያ ቁጥር ተጽፎ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ጓደኛዬ 9 አገኘ። ይህ ልጅ ከዚያ በፊት ግማሽ ያልሞላ ውጤት በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ሰሌዳው ፊት ቆሞ ቀረ። እኛ ምሳ በልተን ስንመለስ እዚያው ነበር። ዓይኑ ከራሱ ቁጥር ላይ አልተነሳም፤ ከላይና ከታች ያሉትን ቢያይ ኖሮ ከክፍሉ ብዙው ከ12 በታች እንደሆነ፣ ከፍተኛውም 19 እንደሆነ ይታየው ነበር። ያኔ ውጤት የሚሰጠው በከርቭ፣ ማለትም ከክፍሉ ልጆች ጋር እየተነጻጸረ ነው። 9 ማለት ከመካከለኛው ተማሪ ትንሽ ዝቅ ማለት ነው እንጂ መውደቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ወደ ግድግዳ ዞሮ መተኛት ጀመረ። ካፌ ቀረ። እኛም «አይዞህ» አልነው። ሁላችንም፣ በየተራ፣ «አይዞህ»። አንዱ ከመጽሐፍ ጠቀሰለት፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ይዞት ሄደ። ወረቀት አውጥቶ «ና እንደምር» ያለው ግን አንድም ሰው አልነበረም። ዛሬም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ተስፋ የቆረጠን ሰው ለማጽናናት ሁላችንም እንሮጣለን፤ ተስፋ ያስቆረጠው ስሌት ትክክል መሆኑን የሚፈትሽለት ሰው ግን አያገኝም።

ፋይናል ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሌሊቱን ሄደ። ፍራሹ ተጠቅልሎ፣ ብርድ ልብሱ ታጥፎ፣ ካልኩሌተሩ ባለቤቱ ትራስ ሥር እንደ ወትሮው ተቀምጦ አገኘነው። ሬጅስትራር አልሄደም፣ ክሊራንስ፣ ማለትም ከግቢው ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳይ ወረቀት፣ አልወሰደም። በዚህም ምክንያት በዓመቱ ልመለስ ቢል በር ተዘጋበት። ፋይናሉ ከሚዱ የባሰ ከባድ ሆነ፣ ክፍሉ በሙሉ ወደቀ ስንል ግሬድ ወጣ። በሚዱ 8 ያገኘ ልጅ «ሲ»፣ ማለትም ማለፊያ ግሬድ፣ አገኘ።

ብዙ ዘመን አልፎ፣ ሥራ ሀዋሳ ላይ ከያዝኩ በኋላ አገኘሁት። ያኔ ከተማው በብስክሌት ነበር የሚዞረው፣ ባጃጅ ገና አልገባም። እኔም ብስክሌት ነበረኝ፤ ከሳይት ወደ ሐይቁ በነፋስ መውረድ እንዴት ደስ ይል እንደነበር አሁን ለልጆቼ ሳወራ አያምኑኝም። ጓደኛዬ የእህል ነጋዴ ሆኖ፣ ኢሱዙ ገዝቶ፣ ከሻሸመኔ ጭነት ይዞ መጥቷል። ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወስጄ አሳ ጋበዝኩት። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አጠገባችን ተሰልፈው የአሳውን ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ስለ ልጆቹ አወራን፣ ስለ በቆሎ ዋጋ አወራን። እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ድንገት ዞር ብሎ፣ «ያኔ ስታቲክስ፣ ሲ ስንት ላይ ተቆረጠ?» አለኝ።

«ረስቼዋለሁ» አልኩት። አልረሳሁም። 37 ላይ ነበር። እሱ በሚዱና በኩዊዙ 15 ይዟል። ከ60ው 22 ቢያገኝ ይበቃው ነበር። በዳቦ ያስተማረን ልጅ ከ60፣ 22 አያጣም።

ኑሮው የተሳካ ነው፣ ከብዙዎቻችን ይሻላል። ጥያቄው ግን ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላም ከውስጡ አልወጣም ነበር።

ስለዚህ ቀድማችሁ አጥኑ፣ እንቅልፍ ተኙ የሚለውን አልደግምላችሁም፤ እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። እኔ የምላችሁ፣ ከባድ ነጥብ የያዘ ፈተና ሲያስደነግጣችሁ መጀመሪያ ደምሩ። አሁን በብዙ ዩኒቨርሲቲ ሲ ከ50 ስለሚጀምር ስሌቱ ከእኛ ዘመን ይቀላል። ከተከታታይ ምዘናው 50፣ 24 ከያዛችሁ ከፋይናሉ የሚጎድላችሁ 26 ነው። 26 ደግሞ ሊጠና የሚችል ነገር ነው። ክሬዲቱንም ተመልከቱ። ባለ 4 ክሬዲት ኮርስን ከሲ ወደ ቢ ማሳደግ ክሬዲቱ በግሬዱ ዋጋ (ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2) እየተባዛ በሚደመረው ግሬድ ነጥባችሁ ላይ 4 ይጨምራል፤ ይህ በባለ 1 ክሬዲት ኮርስ ኤ ከማግኘት እኩል ነው። ሌሊቱን የትኛው ላይ እንደምታሳልፉት ከዚህ መወሰን ትችላላችሁ። ስሌቱ አያዋጣም ካለ ደግሞ ዊዝድሮው ወይም ድሮፕ (አንዱን ኮርስ ብቻ መተው) ነውር የለበትም፤ ጊዜው ሳያልፍ ፎርሙን ሙሉ፣ ከግቢ የምትወጡ ከሆነም ክሊራንስ ወስዳችሁ ውጡ። ሌሊት አትሂዱ።

ትልቅ ፕሮጀክት ሲሰጣችሁ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። ስትራክቸር የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ በሁለት ጫፉ በተደገፈ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) መሃል ላይ አንድ ላይ የተጫነ ክብደት፣ ያው ክብደት በቢሙ ሙሉ ርዝመት ላይ ተዘርግቶ ሲያርፍ ከሚፈጥረው የጉብጠት ሞመንት፣ ማለትም ቢሙን ከሚያጎብጠው ጫና፣ እጥፍ ያመጣል። ሥራም እንደዚያው ነው። ግማሹን ሠርታችሁ ለመምህሩ አሳዩት፤ ግማሽ ሥራ ይዞ የሚመጣ ተማሪ እምብዛም ስለሌለ ብዙ መምህር በደስታ ያያል።

በፈተና ሰሞን እዚህ ሐይቁ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ቦታ በኩል ሳልፍ የሚያነቡ ልጆች አያለሁ፣ ደስም ይለኛል። የሚያነቡት ግን አብዛኛውን ጊዜ በቴሌግራም የተላለፈ ያለፈ ዓመት ፈተና ነው። መጥፎ አይደለም፣ እኛም ብናገኝ እንሠራው ነበር። መልሱን አብሮ የሸመደደ ልጅ ግን ቁጥሩ ሲቀየር ይጠፋበታል። የግሩፕ አሳይመንቱ ይባስ፤ አንዱ በቻትጂፒቲ ይጽፈዋል፣ ስድስቱ ስማቸውን ያስገባሉ፣ 20 ነጥቡን ሁሉም ይካፈላል፤ ፋይናሉ ላይ ግን እያንዳንዱ ብቻውን ነው። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። 50 በመቶ ያላመጣ አይመረቅም፣ እዚያም ግሩፕ የለም።

ውጤት ሰውን አይለካም እያልኩ ነው የኖርኩት፣ አሁንም አምናለሁ። ነገር ግን አዲስ መሐንዲስ ስንቀጥር ትራንስክሪፕቱን አገላብጣለሁ። አንድ ሴሚስተር ወድቆ ቀጥሎ የተነሳ ካየሁ ያን ልጅ አስጠራዋለሁ። እነዚህን ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቃቸው አላውቅም፤ እናንተ ግን ሁለቱንም እወቁት።

አንድ ነገር ልጨምር። የሚድ ወረቀታችሁን ሳታዩ ውጤቱን አትቀበሉ። መምህርም ሰው ነው፤ ሲደምር ይሳሳታል፣ ከኋላ ገጽ ላይ የሠራችሁትን ሳያይ ያልፋል። ቢሮው ሄዳችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ብቻችሁን ከፈራችሁ አንድ ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። የቅሬታ ጊዜ አጭር ስለሆነ ውጤቱ በወጣበት ሳምንት ይሁን።

ከሀዋሳ
አንድ የሕንፃ መሐንዲስ