የሮቶው ውሃና የሩቁ ባሕር

ልጆቼ፣ በመጀመሪያ «አንተ» በሉኝ። ድሬ ላይ «እርስዎ» ሲባል ሰው የተኳረፈ ይመስላል።

አንዳንዶቻችሁ ሜትሮሎጂ ልታጠኑ እንዳሰባችሁ ሰምቻለሁ። ዕድሜዬን ዝናብ ስለካና ትንበያ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጥቂት ላውራችሁ።

ከሮቶ ልጀምር። በግንቦት ቀትር በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ በባዶ እግር መቆም አይቻልም። እኩለ ሌሊት ላይ ሂዱ፣ ያው አሸዋ በርዷል። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ግን በዚያ ሰዓት ሻወር ብትከፍቱ ሞቅ ያለ ውሃ ያወርዳል። ውሃ ቶሎ አይሞቅም፤ ከሞቀ በኋላም ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ከባሕር የላይኛው ገጽ 3 ሜትር የማይሞላ ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት፣ ከላዩ ያለውን አየር በሙሉ በአንድ ዲግሪ ያሞቃል። ተማሪ ሳለሁ ይህን ስሰማ አላመንኩም። ቤቴ ገብቼ በወረቀት አስልቼ ነው የተቀበልኩት። እናንተም አስሉት።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አየሩ ዛሬ የነበረበትን በሁለት ሳምንት ገደማ ይረሳል። ከዚያ በኋላ የአንድን ቀን ዝናብ ልንገርህ የሚል ሰው ካገኛችሁ ራቁት። ባሕር ግን ሙቀቱን ለወራት ይዞ ይቆያል፤ አየሩንም በዚያው ልክ ወዲህና ወዲያ ይገፋዋል። ነገ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቀፊራ ገበያ ማን ሽንኩርት እንደሚገዛ አላውቅም። ነገ የበዓል ዋዜማ ከሆነ ግን ሽንኩርት እንደሚወደድ እነግራችኋለሁ። ለወቅት ትንበያ የበዓሉ ዋዜማ የባሕሩ ሙቀት ነው።

ትልቁ ባሕር ፓሲፊክ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ የሞቀውን ውሃ ወደ ኢንዶኔዥያ ይገፋል፤ እዚያ የባሕሩ ገጽ ከኢኳዶር ዳርቻ በግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከሞቀው ውሃ በላይ አየር ይነሳል፣ ይዘንባል። የተነሳው አየር ሌላ ቦታ ይወርዳል፤ በሚወርድበት ደመና አያብብም። ነፋሱ ሲደክም ሞቃቱ ውሃ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፤ አየሩ የሚነሳበትም የሚወርድበትም ቦታ ይዛወራል። ኤልኒኞ የምንለው ይህን ነው። ስሙ ከፔሩ ዓሣ አጥማጆች የመጣ ነው፤ ሙቀቱ በገና ሰሞን ስለሚታይ «ሕፃኑ» አሉት።

«ከድሬ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉኛላችሁ። የ2007 ክረምትን አስታውሱ። ኃይለኛ ኤልኒኞ ነበር፣ ክረምቱ ከዳ፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ጠባቂ ሆነ። የሶማሌ ክልል የሲቲ ዞን አርብቶ አደር ከብቱ እያየው አለቀ። ግን «ኤልኒኞ ማለት ድርቅ» ብላችሁ እንዳትደመድሙ። በ1990 መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ እንደዚያው ኃይለኛ ኤልኒኞ ነበር፤ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራቡ ክፍልም ሞቆ ስለነበር የሶማሌ ቆላ በጎርፍ ተጥለቀለቀ። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ የኤልኒኞ ተቃራኒ የሆነው ላኒና መጣ፣ በቦረናና በሶማሌ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። አንዱ ባሕር፣ እንደ ወቅቱና እንደ ቦታው፣ ለአንዱ ይሰጣል ለሌላው ይነሳል።

የወቅት ትንበያ ስለ አንዲት ሌሊት ምንም አይልም፤ ይህንንም ያዙልኝ። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ዝናቡ የጣለው ከላይ ደጋው ላይ ነበር። ለዚያ የሚያስፈልገው የባሕር ካርታ አይደለም፤ ደጋው ላይ የሚቆም መለኪያና የሚደወል ስልክ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በልግ ላይ የሚሠራ የኤልኒኞ ትንበያ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ደካማ ነው፤ ባሕሩ በዚያ ሰሞን ወዴት እንደሚያዘነብል ገና አልለየለትም። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላ የሚዘራው ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው። ወጣት ሳለሁ አንድ ገበሬ መጥቶ ክረምቱ እንዴት እንደሚሆን ጠየቀኝ። እጄ ላይ የነበረው ትንበያ ከመደበኛ በላይ የመዝነብ ዕድሉን 45 በመቶ ይላል። ለሌሎቹ ሁለት አማራጮች፣ ለመደበኛውና ከመደበኛ በታች ለሆነው፣ ደግሞ 55 ተርፏል። እኔ ቁጥሩን ዋጥ አድርጌ «ዘንድሮ ጥሩ ነው፣ አባቴ» አልኩት። አዋቂ መምሰል አማረኝ መሰለኝ።

መሬቱን በሙሉ ዘግይቶ የሚደርሰውን ማሽላ ዘራበት። ዝናቡ ነሐሴ ላይ ተቋረጠ።

በጥቅምት ተመልሶ መጣ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ከአግዳሚው ላይ ተቀምጦ ውሃ ጠጣና እንዲህ አለኝ፦ «ልጄ፣ እርግጠኛ እንዳልሆንክ ብትነግረኝ ኖሮ ግማሹን ቶሎ የሚደርሰውን እዘራበት ነበር።»