መዝገቡ የት ሄደ?

ባለፈው ሰሞን ለሦስተኛ ዲግሪ የውጭ ዕድል ያገኘች ልጅ ጻፈችልኝ። የውቅያኖስ ሕይወት ልታጠና ነው። ዘመድ አዝማዱ ግን «ባሕር የሌላት አገር ልጅ፣ ተምረሽ ስትመጪ የት ልትሠሪ ነው?» እያለ ልቧን ለሁለት ከፍሎታል። «ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ከዓሣ ጋር ነው የፈጁት፤ ምን ይመክሩኛል?» ትላለች። ለእሷ ብቻ ልመልስ ጀምሬ ነበር። እየጻፍኩ ስሄድ ግን ስንት ዘመን ያልነካሁት ነገር ተነካካብኝና፣ ለሁላችሁም ይሁን አልኩ።

የቋንቋ ፈተናውን፣ የድጋፍ ደብዳቤውን፣ የፕሮፌሰር አመራረጡን እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ፤ እሱን ዘልዬዋለሁ።

ሥራ ስጀምር የተመደብኩት ጣና ዳር፣ ጀልባዎች ዓሣ የሚያራግፉበት አንድ ቦታ ነበር። እዚያ አንድ ሚዛን ያዥ ነበሩ። ትምህርታቸው ከቄስ ትምህርት ቤት አላለፈም፤ የእጅ ጽሕፈታቸው ግን ያስቀናል። ጀልባ በደረሰ ቁጥር ዓሣውን ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ እያሉ ይለያሉ፣ ይመዝናሉ፣ ይጽፋሉ። ከሚዛኑ አጠገብ ሜትር የተመታበት ሳንቃ ነበራቸው። ነጩን ዓሣ አፉን ከሳንቃው ጫፍ አስነክተው፣ ጭራው መንታ በሚሆንበት ስርጉድ ላይ አውራ ጣታቸውን አሳርፈው ያነባሉ። ሆዷን ጫን ሲያደርጉ ዕንቁላል ከወጣ፣ ከቁጥሩ አጠገብ «ዕ» ይጨምራሉ። መረቡ የተጣለው ጉማራ ወንዝ አፍ ከሆነ «ጉ»፣ ርብ ወንዝ ከሆነ «ር»። ነፋስ ጀልባ መልሶ እንደሆነም ይጻፋል።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ ጎረምሳ ነበርኩና «ይህን ሁሉ ይጻፉ ብሎ ማን አዘዘዎ?» አልኳቸው። «ማንም። ሰው ሲጣላ መዝገብ ይፈርዳል» አሉኝ። እሳቸው ያሰቡት የአጥማጆቹን የገንዘብ ክርክር ነው። ሳይንስ የሚባል ነገር በሐሳባቸውም አልነበረ።

(ምሳቸውን ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ነበር የሚበሉት። ድርቆሽ ፍርፍር ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደዚያ የሚጣፍጥ ቀምሼ አላውቅም።)

የዚያ መዝገብ ዋጋ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ነጭ ዓሣ ብለን የምንጠራው አንድ ዓይነት አይደለም። የሆላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእኛ ሰዎች ጋር ሆነው ሲያጠኑት፣ 15 ያህል ዝርያ ሆኖ ተገኘ፤ አብዛኞቹ ከጣና በስተቀር የትም የሉም። ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ይወጣሉ። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ እ.ኤ.አ. በ1986 ጣና ገባ (ከዚህ ወዲያ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ወንዝ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ መጠበቅ ቀላል ሆነ። ዕንቁላሏን ሳትጥል የተያዘች ዓሣ ደግሞ የዘንድሮ ብቻ ሳትሆን የመጪዎቹ ዓመታትም ዓሣ ናት። ተመራማሪዎቹ የ1991–93ን የሙከራ መረብ ውጤት ከ1999–2001 ጋር ሲያነጻጽሩት፣ በመረቡ የተያዘው ነጭ ዓሣ ጠቅላላ ክብደት በ75 ከመቶ ገደማ ወርዶ አገኙት። አሥር ዓመት እንኳ አልሞላም!

ታዲያ ከ1991 በፊትስ? ሞተሩ ገና በገባበት ጊዜስ ምን ያህል ነበር? የእሱ መልስ ሚዛን ያዡ መዝገብ ውስጥ ነበር።

እኔ በመሐሉ ወደ ሌላ አገር ተዛውሬ ስመለስ መጀመሪያ የጠየቅሁት እሱን ነው። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ባዶ ነው። ለካ ቢሮው ከቦታ ቦታ ሲዛወር አንድ ኃላፊ «አሮጌ ወረቀት» ብለው በኪሎ አሸጠውታል። ገቢውም በደረሰኝ ገብቷል፤ ደረሰኙን አሳይተውኛል። ሚዛን ያዡ ያኔ አርፈው ነበር። ይህን ሳያዩ መሄዳቸው አንዳንዴ ደስ ይለኛል።

ጥቂት ቆይቶ አውቶቡስ ተራ ቆሎ ገዛሁ። ሴትዮዋ በጠቀለለችልኝ ወረቀት ላይ ያ የማውቀው ጽሕፈት! ሐምሌ ነው። «ጉ፣ 41፣ ዕ»፣ ከሥሩ «ጉ፣ 38፣ ዕ»፣ እንዲህ እያለ እስከ ታች ይወርዳል። ዓመተ ምሕረቱ የነበረበት ጥግ ተቀዷል። «የቀረሽን ወረቀት ሁሉ ሽጭልኝ» አልኳት። ጤንነቴን እየተጠራጠረች አወጣችልኝ፤ የቀራት የደመወዝ መክፈያ ቅጽ ነበር። ዓመቱ ያልታወቀ ቁጥር ደግሞ ለንጽጽር አይሆንም። ሐምሌማ በየዓመቱ አለ።

የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ሶቪየት ኅብረት በደቡቡ የዓለም ክፍል ገደልኩ ብላ ለዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ያሳወቀችው ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪ 2,710 ነው። የተገደለው ከ48,000 በላይ ነበር። ይህ በይፋ የተነገረው ኅብረቱ ከፈረሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ሊረጋገጥ የቻለውም መርከቦቹ ላይ የሠሩ አንዳንድ ሳይንቲስቶች እውነተኛውን ቁጥር በምስጢር ስላስቀመጡ ነው። ከዚያ በፊት ዓሣ ነባሪው የት ጠፋ እያሉ በሐሰት ቁጥር ሲያሰሉ የነበሩትን ባለሙያዎች ሳስብ አንጀቴ ይበላል።

ሌላም ልንገራችሁ። በ2021 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በሰፊው ውቅያኖስ የሚኖሩ ሻርኮችና ሬይ ዓሦች በ71 ከመቶ መቀነሳቸውን አሳይቷል። ከመቼ ጀምሮ? ከ1970። ትልልቆቹ መርከቦች ግን ከዚያ በፊትም እያጠመዱ ነበር። ዳንኤል ፖሊ የተባለው የዓሣ ሀብት ሊቅ በ1995 የጻፈው ይህንኑ ነው፤ እያንዳንዱ ትውልድ ሥራ ሲጀምር ያገኘውን ባሕር ትክክለኛው ባሕር እሱ ነው ብሎ ይይዛል፣ ጉድለቱንም ከዚያ ይቆጥራል። ዛሬ ባሕር ዳር ተቀምጦ መዳፍ የምታክል ቆሮሶ ተጠብሳ ስትቀርብለት «የጣና ዓሣ እንዲህ ነው» የሚለው ወጣት ምን ያድርግ? ሌላ አላየም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣችሁ። የዛሬ ልጆች ዳታ ከአፋችሁ አይጠፋም፤ ዳታው ግን ከኢንተርኔት የሚወርድ ይመስላችኋል። ጀልባ ያዞረኛል ብሎ ዳር ቀርቶ ሞዴል የሚሠራ ተማሪ አጋጥሞኛል። ያያችሁትን ሁሉ ደግሞ በስልክ ታነሣላችሁ፤ ምግብ እንኳ ፎቶ ሳይነሣ አይቀመስም።

ይህን ብዬ ሳበቃ ሎረን ማክለናካን የተባለች ተመራማሪ ሥራ ትዝ ይለኝና አፌን እይዛለሁ። በፍሎሪዳዋ ኪ ዌስት ጎብኚዎች ያጠመዱትን ሰቅለው ፎቶ የመነሣት ልማድ አላቸው። እሷ ከ1956 እስከ 2007 የተነሡትን ሰብስባ ዓሦቹን ለካች። አማካዩ ክብደት ከ19.9 ኪሎ ወደ 2.3 ኪሎ ወርዷል። የጀልባው ኪራይ ግን አልረከሰም። እንግዲያው ፎቶውን አንሡ፤ ቀኑንና ቦታውን ብቻ ጻፉበት፤ መጠኑ እንዲታወቅም አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጡ።

ሳተላይቱንም ቢሆን ዝም ብዬ አላጣጥለውም። በ2024 የወጣ ጥናት የሳተላይት ምስልን በሰው ሠራሽ አስተውሎት መርምሮ፣ ከዓለም ትልልቅ የዓሣ አጥማጅ መርከቦች ከ72 እስከ 76 በመቶ የሚሆኑት በይፋዊው የመከታተያ መረጃ እንደማይታዩ ደርሶበታል። ይህን በሳንቃና በአውራ ጣት ማወቅ አይቻልም።

አንቺ ልጄ፣ ሂጂ። የት ትሠሪያለሽ ለሚሉሽ፣ ዓሣ ጭንቅላት ውስጥ ካለችው ኦቶሊት ከምትባል ጠጠር ላይ ቀለበት ቆጥሮ ዕድሜ ማወቅ ለአትላንቲክም ለጫሞም አንድ ሙያ ነው። የመረብ ዓይን ስፋትና የዓሣ መጠን ስሌቱም ያው ነው። ደመወዙ ያው እንደምታውቂው ነው፤ እሱን አልዋሽሽም።

ጉዞሽ መስከረም ከሆነ ነሐሴ ላይ ብቅ በይ፤ ጉማራ ወጥተን ዓሣው ሲወጣ ታያለሽ። ቦቲ ጫማ ያዢ፣ ጭቃው ክፉ ነው። የዝናብ ልብስ እኔ ጋ አለ።