ዝኩኒ እንደ ዱባ አይከርምም

ጥያቄ፦ የዘራሁት ዝኩኒ ጥሩ ምርት ሰጠኝ። እንደ ዱባ ቆጥ ላይ ደርድሬ ባስቀምጠው ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተጨማደደ፤ ጫፉም በሰበሰ። የሚቆየው ዓይነት የትኛው ነው? እንዴትስ ላስቀምጠው?

መልስ፦ ዱባ የሚከርመው ልጡ እስኪጠነክር ተክሉ ላይ ስለሚበስል ነው። ዝኩኒ ግን ልጡ በጥፍር የሚበሳ ለጋ ሳለ ስለሚቆረጥ ውሃው ቶሎ ይተናል። ለወራት የሚቆይ ዝኩኒ የለም፤ በደንብ ከተያዘ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል።

ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ረጅሙን ጥቁር አረንጓዴ ዝኩኒ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ይቁረጡት። አጠር ወፈር ያለው ፈዛዛ አረንጓዴ ዓይነት፣ ዓረቦች ሩዝና ሥጋ ሞልተው የሚሠሩት ነው። ቢጫው ትንሽ ከተጫረ ቶሎ ይጠቁራል፤ ጠርዙ እንደ አበባ የተሸነሸነው ጠፍጣፋ ደግሞ ስፋቱ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ይቆረጣል።

የእርስዎ ጫፉ የበሰበሰው የአበባው ወገን ከሆነ፣ ዋናው ተጠርጣሪ ፍሬው ላይ ተጣብቆ የቀረው የጠወለገ አበባ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ሻጋታ ይይዘውና ወደ ፍሬው ይዘልቃል፤ ጠጋ ብለው ካዩት እንደ ስፒል ራስ ያሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ያሉት ፀጉር መሰል ነገር ይታያል። ውሃውን ከሥር ያጠጡ፤ ፍሬው አፈር እንዳይነካ ገለባ ያንጥፉለት።

ጠዋት ጤዛው ሲደርቅ፣ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይልቀሙ። ጠምዝዘው አይንቀሉት፤ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዘንግ ትተው በስለታም ቢላ ይቁረጡ። አበባውን ያራግፉ፣ የቆሰለውን ለይተው በዕለቱ ይብሉት። ከማስቀመጥዎ በፊት አይጠቡት።

የሚስማማው ቅዝቃዜ ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ከ5 በታች ለቀናት ከቆየ ልጡ ይሰረጉዳል፤ ሲወጣም ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ ፍሪጅ ካለዎት በተበሳሳ ፌስታል አድርገው የአትክልት መሳቢያው ውስጥ ያኑሩት። ከበሰለ ሙዝ፣ ማንጎና ቲማቲም ጋር አይሁን፤ የእነሱ ጋዝ ያበጫጨዋል።

ፍሪጅ ከሌለ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በትልቁ ውስጥ ያስገቡ፤ በመካከላቸው አሸዋ ሞልተው ጠዋትና ማታ ውሃ ያርከፍክፉበት። ዝኩኒውን ትንሹ ውስጥ አድርገው በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ያኑሩት። ይህ በደረቅ አየር በጣም ይሠራል፣ በክረምት ግን ብዙም አያቀዘቅዝም።

ለወራት ከፈለጉት አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቆርጠው በፈላ ውሃ 3 ደቂቃ ይንከሩ፤ ወዲያው በበረዶ ውሃ አቀዝቅዘው፣ አጠንፍፈው ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡ። ሲቀቀል ስለሚለሰልስ ለሾርባና ለወጥ ነው የሚሆነው።

ሲቀምሱት የሚመር ካገኙ ይጣሉት። ምሬቱ መርዛማ ነው፣ በማብሰልም አይጠፋም፤ ከዚያ ተክል ዘር አይያዙ።