ዝምታውን አትቁረጡት

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት አንድ ወንድማችን «ዶክመንተሪውም ልብ ወለዱም የሚሠራው በካሜራና በኤዲቲንግ ነው፤ ታዲያ ዶክመንተሪ ስናይ ለምን እውነት ነው ብለን እንቀበላለን?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ብዙዎቻችሁ «ምስል አይዋሽም» ብላችሁ መልሳችኋል። እኔ አልስማማም። ደብረ ብርሃን ሆኜ ሠርግና ምርቃት ስቀርጽ ቆይቼ፣ አሁን የአካባቢያችንን ሙያና ኑሮ የሚያሳዩ አጫጭር ዶክመንተሪዎች እሠራለሁ። ከማየው ተነስቼ ስናገር፣ ተመልካች የሚያምነው ምስሉን ብቻ አይደለም። ድምፁንና አቆራረጡንም ነው፤ ያውም ሳይታወቀው።

መንዝ ውስጥ ከበግ ጠጉር ስለሚሸመነው ዝተት ሥራ ስንቀርጽ አንዲት እናት የበግ ጠጉር እየፈተሉ አነጋገርናቸው። «ሥራው እንዴት ነው እማማ?» ስላቸው «ደኅና ነው፣ ተመስገን» አሉ። ከዚያ ዝም። እንዝርቱ ዞረ፣ ክሩን ጠቀለሉ፣ እንደገና አሾሩት። ቀና ሳይሉ «ልጆቹ አይፈልጉትም እንጂ» አሉ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ኤዲት ሲያደርግ ዝምታውን ቆርጦ ሁለቱን ንግግር አገናኛቸው። አንድም ቃል አልጨመረም፣ አንድም አልቀነሰም። ግን ሴትዮዋ ሌላ ሰው ሆነው ቁጭ አሉ፤ አስቀድመው ያዘጋጁትን አቤቱታ የሚያሰሙ መሰሉ። ዝምታውን ስንመልሰው ነገሩ ከሆዳቸው በግድ እንደወጣ ያስታውቃል። ለሰው ስናሳየውም ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ያየው እዚያች ቦታ ላይ ነው።

ድምፅ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ስለ ዱር እንስሳት የሚሠሩ ፊልሞችን አስቡ። መንዝ ጓሳ ላይ ያለ ጭላዳ ዝንጀሮ ከሩቅ በረጅም ሌንስ ይቀረጻል፤ ሌንሱ ያቀርበዋል፣ ማይኩ ግን ከዚያ ርቀት የሚሰማው የደጋውን ነፋስ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ፊልሞች ሣር ሲነጭ፣ ሲያኝክ የምንሰማው ጥርት ያለ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነው። ይሄን ማታለል አልለውም፣ ጭላዳው ሣሩን በልቷልና።

የተሠራ እውነት አዲስ ነገርም አይደለም። በ1922 እ.ኤ.አ. የወጣው የሮበርት ፍላኸርቲ «ናኑክ ኦቭ ዘ ኖርዝ»፣ በካናዳ ሰሜን በረዶ ውስጥ ስለሚኖሩት ኢኑዊቶች የተሠራ ዶክመንተሪ ላይ፣ የበረዶው ቤት ካሜራና ብርሃን እንዲገባ ግማሹ ክፍት ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ሰዎቹም ጠመንጃ እያላቸው በጦር እንዲያድኑ ተደርጓል።

ለእኛ ግን ከዚያ የሚቀርብ ምሳሌ አለን። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም አሳየ። ደርግ ያንን ፊልም ወስዶ በረሃቡ ምስል መሐል የቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሡ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳይ ምስል አስገባበት። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በቴሌቪዥን ተላለፈ፤ በማግስቱ ንጉሡ ከሥልጣን ወረዱ። ልብ በሉ፣ ረሃቡ እውነት ነው፣ መደበቁም እውነት ነው፣ ግብዣውም ነበረ። የረሃቡንና የግብዣውን ምስል ያነሣው ግን አንድ ሰው አይደለም፣ በአንድ ቀንም አልተነሡም። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ተመልካቹ በዚያችው ሰዓት እዚህ ሲበላ እዚያ ሲሞት ያየ ያህል ተሰማው። የወሎ መንገድ በእኛ በሸዋ ሮቢትና በደብረ ሲና ነው የሚያልፈው፤ ያንን ዘመን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ፣ ጠይቋቸው።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ግን ተራኪው ነው። ወፍራም ድምፅ፣ ከሥሩ የሚያስፈራ ሙዚቃ፣ ከዚያ «እንደሚታወቀው» ይባላል። ማን ነው የሚያውቀው? ማስረጃ ሳይቀርብ ሰዉ ማስረጃ ያየ ይመስለዋል። እንዲህ ሲሆን ድምፁን አጥፍታችሁ ምስሉን ብቻ እዩት፤ ብዙ ጊዜ የሚቀረው የሕንፃና የመኪና ምስል ብቻ ነው።

ለጠያቂው ወንድሜ፦ ሰው እየተናገረ ድንገት ምስሉ ከፊቱ ወደ እጁ ወይም ወደ በጎቹ ከሄደ፣ ንግግሩ እዚያ ጋ ተቆርጦ ተቀጥሎ ሊሆን ይችላል። ሁሌም ለክፋት አይደለም፤ እኔም ንግግር ሲረዝም አደርገዋለሁ። ግን የተቀጠለው ነገር ተናጋሪው ቢያየው «አዎ፣ ያልኩት ይሄንን ነው» የሚለው መሆን አለበት። እኛ ቀርጸን ስንጨርስ መጀመሪያ የምናሳየው ለተቀረጸው ሰው ነው። የመንዟ እናት ዝምታው ያለበትን መርጠዋል። ሁለቱም ቅጂ አለኝ፤ ደብረ ብርሃን አካባቢ ካለህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ጎን ለጎን አሳይሃለሁ።